ደብሮህ ነበር፤ እሱ ታዲያ ምን አደረገህ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 28 ዓመቴ ነው። የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። ሥራዬ ስክሪን ላይ መሣሪያዎችን መከታተል ነው፤ የተበላሸ ነገር ካለ ለባለሙያ እደውላለሁ። ችግሩ ምንም ነገር አይበላሽም። አረንጓዴ መብራት እያየሁ አነጋለሁ።

ከወራት በፊት አንድ ሌሊት በጣም ሲደብረኝ በሴት ስም ፌክ አካውንት ከፈትኩ። ለአብሮ አደግ ጓደኛዬ ጻፍኩለት። ያኔ ከእጮኛው ጋር ከተለያየ ብዙም አልቆየም። በማግስቱ አቆመዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ልጁ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሌሊቱ ቶሎ ቶሎ ይነጋልኝ ጀመር። በዚሁ አራት ወር ሆነ። የሚጽፍልኝን ስክሪንሾት እያነሳሁ ለሌሎች ሁለት ጓደኞቻችን እልክ ነበር፤ እንስቃለን። በመጨረሻ «ወድጄሻለሁ፣ በአካል እንገናኝ» አለኝ። ደንግጬ ጠፋሁ። ከሁለቱ አንደኛው አፉ አላስችል ብሎት ነገረው።

አሁን አያናግረኝም። «ይቅርታ፣ ምንም ክፋት አስቤ አይደለም፤ ደብሮኝ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «እኔ የድብርትህ ማባረሪያ ነኝ?» ብሎ መለሰልኝና ብሎክ አደረገኝ። ሌሎቹ «ቀልድ ነው፣ ይረሳዋል» ይሉኛል። እኔ በተፈጥሮዬ መጥፎ ሰው አይደለሁም። ደህና ሥራ ቢኖረኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ባለፈው ሳምንት ሌሊት አካውንቱን መልሼ ከፈትኩት። ለሌላ ሰው ልጽፍ ትንሽ ነበር የቀረኝ። መሰላቸት በሽታ ነው? ጓደኛዬንስ እንዴት ላግኘው? ሌሊቱን ምን ላድርገው? መልስዎን ብልክለትስ ይረዳኝ ይሆን?

«ደብሮኝ ነው» ነኝ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀያይሬያለሁ። ጓደኛህ ይህን ዓምድ ቢያነብ ራሱን እዚህ እንዳያገኝ ብዬ ነው።

እውነተኛ ስምህን አለመጻፍህ መብትህ ነው። የመረጥከው የብዕር ስም ግን አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። በስምህ ቦታ ሰበብህን ፈርመሃል። ስለዚህ ከሰበቡ እንጀምር።

ስለ ሥራ መፍታት ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያነሳት ተረት አለች፦ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል።» ጓደኞችህም ሳይጠቅሱልህ አይቀሩም። እስቲ መነኩሴውን ልብ ብለህ እየው። የቀደደው የራሱን ቆብ ነው። መልሶ የሰፋውም ራሱ ነው። በአጠገቡ ያለ ሰው ምንም አልሆነም። ላንተ የምትስማማህ ሌላዋ ናት፦ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት።» እዚህ ላይ ሥራ የፈታው ወላጅ ነው፤ ትዳሯ የሚፈርሰው ግን ልጅቷ ናት። ሁለቱም ተሰላችተዋል። ሁለቱም የሚሠሩት ነገር አግኝተዋል። መነኩሴው ከራሱ ከፈለ፣ ወላጁ ሂሳቡን ወደ ልጁ አሳለፈ። እኔ ደብዳቤህን ሳነብ ደጋግሜ የጠየቅኩት ጥያቄ ይሄው ነው። ያንተን ሌሊት ማን ከፈለልህ?

ይህን ካልኩ በኋላ የሚገባህን ልስጥህ። መሰልቸትህ ጥፋት አይደለም። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ኢስትዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 መሰላቸትን ሲገልጹት፣ የሚያረካ ነገር መሥራት እየፈለጉ አለመቻል የሚያመጣው የማይመች ስሜት ነው ብለዋል። በዚህ አባባል የተሰላቸ ሰውና ሰነፍ ሰው አንድ አይደሉም። ሰነፉ ምንም ባያደርግ ደስ ይለዋል። የተሰላቸው ግን አንድ ነገር ማድረግ እየፈለገ የሚይዘው ነገር ያጣ ነው። ለዚህ ነው ሰውነትህ ሳይደክም የምትደክመው፣ ወንበሩ ላይ መቀመጥ የሚያቅትህ።

ሥራህም ራሱ ለመሰላቸት የተመቸ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራዳር የሚከታተሉ ወታደሮች ስክሪኑ ላይ የሚታይ ምልክት ያመልጣቸው ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ኖርማን ማክወርዝ የተባለ ብሪታኒያዊ ሳይንቲስት ሰዎችን ለ2 ሰዓት አንድ መርፌ ፊት አስቀመጠ። መርፌው እንደ ሰዓት ቆጣሪ አንድ አንድ እርምጃ እየሄደ ይዞራል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሁለት እርምጃ በአንዴ ይዘላል። ያን ዝላይ ማየት ነበር ሥራቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ እንደታየው፣ ንቃታቸው መውረድ የጀመረው ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። አንተ ደግሞ ይሄንኑ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለህ። ማንም ቢሆን ይደብረዋል። እዚህ ድረስ ካንተ ጋር ነኝ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ ይኖሩ የነበሩ መነኮሳት በደንብ ያውቁት ነበር። ከነሱ አንዱ ኤቫግሪየስ ሲጽፍ፣ በመዝሙረ ዳዊት ከተጠቀሰው የቀትር ጋኔን ጋር ያያይዘዋል። ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች። መነኩሴው በመስኮት ይመለከታል፣ ያለበትን ቦታ ይጠላል፣ ወንድሞቹን ይጠላል። ያንተን የሌሊት 9 ሰዓት በቀን ብታደርገው ይሄው ነው። ኤቫግሪየስ ሐሳብ ወደ እኛ መምጣቱ በእጃችን አይደለም ይላል፤ እንዲቆይ መፍቀዳችን ግን በእጃችን ነው። ከ1,600 ዓመት በላይ አልፎታል፣ እኔም የምጨምርበት ብዙ የለኝም።

አሁን ወደሚያጣላን ልምጣ።

መሰላቸት ሰውን መጥፎ ነገር ያሠራል ወይ ብትለኝ፣ ሊገፋፋ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ቲሞቲ ዊልሰን የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን ተዋቸው። አጠገባቸው በኤሌክትሪክ የሚነዝር ቁልፍ አለ። ቀድመው ቀምሰውታል፤ እንዳይደገምብን ገንዘብ ብንከፍል ይሻለናል ያሉ ናቸው። ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ቁልፉን ተጫኑት። ራሳቸውን ማለት ነው። እነዚህ የመነኩሴው ወገን ናቸው።

በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ወዳንተ ይጠጋል። ከተሳታፊዎቹ የተወሰኑት 20 ደቂቃ ሙሉ ፏፏቴ ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ አዩ፣ ሌሎቹ ደስ የሚል ፊልም አዩ። ሁሉም ፊት ስም የተሰጣቸው ትሎችና የቡና መፍጫ ተቀመጠ። የፈለገ ሰው ትሉን መፍጨት ይችላል ተባለ። (ትሎቹ አልሞቱም፤ መፍጫው የተዘጋጀው እንዳይነካቸው ተደርጎ ነው። ሰዎቹ ግን ይህን አያውቁም።) ደስ የሚለውን ፊልም ካዩት 62 ሰዎች ትል የከተተው 1 ብቻ ነው። ፏፏቴውን ካዩት 67 ሰዎች 12ቱ ከተቱ።

ይኸው ማስረጃዬ ልትለኝ ነው። ቆይ። የቀሩት 55ስ? እነሱም ያንኑ ፏፏቴ አይተዋል። መፍጫው እነሱም ፊት ነበር። ትል ግን አልፈጩም። ደግሞ የዚያው ጥናት ተከታይ ክፍል ሌላ ነገር ይላል። ሰው ሌላ የሚያደርገው አማራጭ ካለው፣ መሰላቸት ወደ ጭካኔ የሚገፋው ድሮም በሌላው ስቃይ የመደሰት ዝንባሌ ያለውን ነው። አማራጭ ከሌለው ግን ሌላውንም ሊገፋ ይችላል። አንተን ጨካኝ ነህ ልልህ ፈልጌ አይደለም። ግን ያን ሌሊት በእጅህ ስልክ ነበር። ስልክ የያዘ ሰው አማራጭ አልነበረኝም ሊል አይችልም።

እሺ፣ ጥናቱን እንተወውና የራስህን ደብዳቤ እናንብብ። በጣም ሲደብረኝ አካውንት ከፈትኩ ትላለህ። አምንሃለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት መሰላቸት ያብራራዋል እንበል። ከዚያ ቀጥለህ ምን ትላለህ? «ሌሊቱ ቶሎ ቶሎ ይነጋልኝ ጀመር።» እንግዲያው አልደበረህም ማለት ነው! ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ደስ ብሎህ ነበር የምታነጋው። አራቱን ወር ያስኬደው ደስታህ ነው። ሲጠየቅ ግን ቀርቦ የሚመልሰው መሰላቸት ሆነ። ይህን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩብህ፣ አልደብቅህም።

ደግሞ መሰላቸት እገሌን ምረጥ አይልም። ስልክህ ውስጥ ስንት ሰው አለ? አንተ የመረጥከው ከእጮኛው የተለያየውን ነው። ብቸኛ መሆኑን፣ ቶሎ እንደሚመልስ፣ ለደግ ቃል እንደራበው ታውቃለህ። አብሮ አደግህ ስለሆነ ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስለቅሰው ታውቃለህ። የሴት ስም አወጣህ። ፎቶም ከየትም አምጥተህ ለጥፈህ ይሆናል፤ እሱን አልጻፍክልኝም። ይሄ ሁሉ ሐሳብ የጠየቀ ሥራ ነው። የሚሠራው ያጣ ሰው ነኝ ትላለህ፤ እኔ የማየው ግን በደንብ የተሠራ ሥራ ነው።

ስክሪንሾቱስ? እሱ ከመሰላቸት ጋር ምንም አያገናኘውም። ጨዋታው ሌሊቱን ካነጋልህ በቃህ። ሁለት ሰው ጠርተህ ማሳየት ያስፈለገህ ለምንድን ነው? ለኔ እንደሚመስለኝ መሳቅ ብቻ አልበቃህም፣ ጎበዝ መባልም ፈለግክ። ጓደኛህን በጣም የሚያቃጥለውም ይሄ ይመስለኛል። መታለል ይከፋል። ተታለህ ሳለ ሌሎች ሲስቁብህ እንደከረሙ በኋላ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአሁን በኋላ ያን ሁሉ ወር ሲያስታውስ ከእያንዳንዱ መልእክት ጀርባ ሦስት ሰው ይታየዋል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማኅበረሰብ አጥኚዎች ጥፋት ስለሚያጠፉ ወጣቶች ጽፈው ነበር። ወጣቶቹ ትክክልና ስሕተት የማይለዩ አይደሉም አሉ። ይለያሉ፤ ግን ሕሊናቸውን የሚያስተኙበት አነጋገር አላቸው። እኔ ፈልጌ አይደለም። የተጎዳ ሰው የለም። ይገባዋል። ከሳሾቹ ራሳቸው ማን ናቸው? ለጓደኞቼ ብዬ ነው። ያንተን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አስተያየው። «ደብሮኝ ነው» የመጀመሪያዋ ናት። «ቀልድ ነው፣ ይረሳዋል» ሁለተኛዋ። ለነገሩ ሁለተኛዋን የተናገሩት ጓደኞችህ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አብረው የሳቁ ስለሆኑ ምስክር አይሆኑህም። ይገባዋል አላልክም፣ በዚህ አመሰግንሃለሁ።

ስለ አንደኛው ጓደኛህም አንድ ነገር ልበል። አፉ አላስችል ብሎት ነገረው ብለሃል። ከሦስታችሁ ውስጥ ለልጁ እውነቱን የነገረው እሱ ብቻ ነው። ዘግይቷል፣ ግን ነግሮታል።

«በተፈጥሮዬ መጥፎ ሰው አይደለሁም» ላልከው ፍርድ አልሰጥም። ይሄ ጥያቄ ለጠያቂው በጣም ምቹ ነው። መጥፎ ነህ ብልህ፣ ተፈጥሮዬ ነው ብለህ ትቀመጣለህ። ጥሩ ነህ ብልህ ደግሞ ተገላገልኩ ትላለህ። በሁለቱም መንገድ የሚቀጥለው ሥራ ይቀራል። ለኔ የሚታየኝ ግልጽ ነገር አለ፦ ድርጊቱ መጥፎ ነበር፣ ያደረግከውም አንተ ነህ። ሥራህ፣ ፈረቃህ፣ አረንጓዴው መብራት አላደረጉትም። ደህና ሥራ ቢኖረኝ ኖሮ ያልከውንም እንዲህ አየዋለሁ። ነገ ደህና ሥራ ብታገኝ፣ አንድ ቀን እሱም ይደብርሃል። ያኔስ?

ከደብዳቤህ ውስጥ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ልቤን ነካው። «ልጁ ጨዋታ አዋቂ ነው» ብለሃል። ልብ አላልከውም እንጂ መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። አራት ወር ሙሉ ሌሊቱን ያነጋልህ ውሸቱ አይደለም። ጓደኛህ ነው። የሱ ጨዋታ፣ የሱ ቀልድ፣ የሱ ወሬ ነው። እሱም እንዳንተ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ይቀመጥ ነበር። ያን ሌሊት በራስህ ስም «ወንድሜ፣ አልተኛህም?» ብለህ ብትጽፍለት ኖሮ ያው ሰው ይመልስልህ ነበር። አንተም አይደብርህም፣ እሱም ብቻውን አይሆንም ነበር። ይህን የምልህ እንድትቆጭ ብቻ አይደለም። ሌላ ጊዜ ሲደብርህ የሚያስፈልግህ ነገር ምን እንደሆነ እንድታውቅ ነው። ሰው ነው ያስፈለገህ። ሰው ለመጠየቅ ግን አፈርክ መሰለኝ። ማታለል ከመጠየቅ ቀለለህ።

በሽታ ነው ወይ ላልከው አጭር መልስ አለኝ። መሰላቸት በራሱ በሽታ አይደለም። ከሌላው ሰው ይልቅ ቶሎ የሚሰለቹ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ትኩረት ማሰባሰብ ከሚቸግር ሕመም ጋር የሚገናኝበትም ጊዜ አለ። ድሮ ደስ የሚሉህ ነገሮች በሙሉ ጣዕማቸው ከጠፋ፣ እንቅልፍህና የምግብ ፍላጎትህ ከተዛባ፣ ይሄም 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ። የሌሊት ሥራ እንቅልፍን ስለሚያናጋ ይህን አቅልለህ አትየው። ሐኪሙ ሕመም ቢያገኝብህም ይታከማል። ለጓደኛህ ያለብህ ዕዳ ግን እዚያ አይሰረዝም።

ወደ ይቅርታው እንምጣ። የላክህለት መልእክት ይቅርታ አይባልም። አንድ ቃል ይቅርታ፣ ቀሪው ስለራስህ ነው። ክፋት እንዳላሰብክ፣ እንደደበረህ። ስለሱ ምንም የለበትም። ሮይ ሊዊኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የይቅርታን ክፍሎች ለያይተው ሰዎች የትኛውን ከቁም ነገር እንደሚቆጥሩ ጠይቀው ነበር። ከሁሉ በላይ ሆኖ የተገኘው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ኃላፊነት መውሰድ ነው። ቀጥሎ የተበላሸውን ለማስተካከል መነሳት መጣ። ከሁሉ በታች የሆነው «ይቅር በለኝ» ብሎ መለመን ነው። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስተካከል የምትችለውን አስተካክል። ለሁለቱ ጓደኞችህ ደውልላቸውና ስክሪንሾቶቹን ዓይንህ እያየ እንዲያጠፉ አድርግ። ለሌላ ሰው አሳይተው እንደሆነ ጠይቅ። ቀልድ አልነበረም በላቸው። ይሳቁብሃል፤ ይሳቁ። ያንተ ስልክ ላይ ያለውንም አጥፋ።

ከዚያ ጻፍለት። ብሎክ ስላደረገህ በሌላ አካውንት እንዳትመጣበት፣ ያ ከሁሉም ይብሳል። በወረቀት ጻፍና እሱ በሚያምነው ሰው በኩል አንዴ ብቻ ላክለት። አጭር ይሁን። እንዲህ ዓይነት ነገር፦ «አራት ወር በሌላ ሰው ስም ዋሽቼሃለሁ። የመረጥኩህ ከእጮኛህ ስለተለያየህና ቶሎ እንደምትቀርበኝ ስለማውቅ ነው። የነገርከኝን ለእገሌና ለእገሌ እየላክሁ ስቄብሃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ያላቸውን እንዲያጠፉ አድርጌያለሁ። ሌላ ሰው አይቶ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግክ እውነቱን እነግርሃለሁ። መልስ አልጠብቅም።» ድብርት የሚል ቃል አይግባበት። «ግን» የሚል ቃልም አይግባበት። ናፍቀኸኛልም አትበለው፣ ለጊዜው የሱ ጭንቀት አይደለም። የመረጥኩህ ለምን እንደሆነ የሚለውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያምሃል። እሱን ካወጣኸው ግን ቀሪው ባዶ ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ተወው። አማላጅ አትላክበት። የጋራ ወዳጆቻችሁ «በቃ ታረቁ» እያሉ እንዲጎተጉቱት አታድርግ፤ ተጎድቶ ሳለ ቂመኛ እየተባለ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል። ላይመለስ ይችላል። ይህንንም መቀበል አለብህ። በሴት ስም ስትጽፍለት እሱ አልተጠየቀም ነበር፤ አሁን ግን ውሳኔው የሱ ነው።

ለሌሊቱ የምመክርህ ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ አካውንቱን አጥፋ። ሌሊት አይሆንም፤ ቀን፣ ተኝተህ ስትነሳ አድርገው። ሊነጋጋ ሲል የሰው ንቃት ከሁሉ ሰዓት በታች ይወርዳል፤ በዚያ ሰዓት ራስህን ማመን የለብህም። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው ልትጽፍ ትንሽ ቀርቶህ እንደነበር ራስህ ነግረኸኛል። በነገራችን ላይ ይህን መጻፍህ ከደብዳቤህ ውስጥ የወደድኩልህ ነገር ነው። ማንም ሳያስገድድህ ነው የነገርከኝ።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮ ከቪዲዮ እየዘለልክ የምታነጋ ከሆነ ተወው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2024 የታተመ ጥናት፣ ሰዎች መሰላቸትን ሽሽት ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ በዘለሉ ቁጥር የበለጠ እንደሚሰለቹ አሳይቷል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ማየት ይሻላል። ከዚያም የተሻለው ከፈረቃ በፊት የተመረጠ ነገር ይዘህ መግባት ነው። የሚማሩት ነገር፣ የሚነበብ መጽሐፍ፣ በጆሮ የሚሰማ ትረካ፣ በእጅ የሚሠራ ነገር፤ ብቻ ሥራህ የሚፈቅደውና መብራቱ ሲቀየር ወዲያው የምታስቀምጠው ይሁን። ሲደብርህ ልትመርጥ ብትል አትመርጥም፤ ሁሉም ነገር እኩል አስጠሊታ ሆኖ ነው የሚታይህ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስ፣ ትንሽ ተራመድ። የማክወርዝ ሙከራ ላይም ሰዎቹ በየመሐሉ ሲያርፉ ንቃታቸው ያን ያህል አልወረደም ነበር። አለቃህንም አናግር። ፈረቃ መቀያየር ወይም ሌላ ሥራ መደረብ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። እምቢ ሊልህ ይችላል፣ መጠየቅ ግን ያንተ ነው። ሌላ ሥራ መፈለግም አያስነውርም።

ይሄን ሁሉ አድርገህም የሚደብርህ ሌሊት ይኖራል። ይኑር። ደብሮህ ቁጭ ብለህ ታነጋለህ። ምንም አትሆንም፣ ሌላ ሰውም ምንም አይሆንም።

ሰው ከፈለግክ ደግሞ በስምህ ፈልግ። ሌሊት የሚሠራ የምታውቀው ሰው አይጠፋም። «ደብሮኛል፣ እንጫወት» ብለህ ጻፍለት። ይህችው ቃል ለሰበብ ስትሆን ነው የከፋችው፤ ለግብዣ ከሆነች ምንም አይደል።

የመጨረሻ ጥያቄህ ይህን መልስ ልላክለት ወይ የሚል ነው። አትላክለት። የሚያስፈልገው ያንተ ቃል ነው፣ የኔ አይደለም። ደግሞ ሳታስበው የሱን ጉዳይ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ነግረሃል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ምክር ፈልገህ ስለሆነ አልወቅስህም፤ እሱ ግን ገጹ ላይ ቢያየው እንደገና ለሰው የተወራበት ነው የሚመስለው። ለኔም መልሰህ ለመጻፍ አትቸኩል። መጀመሪያ ለሁለቱ ጓደኞችህ ደውል፤ ስክሪንሾቱ አሁንም ስልካቸው ላይ ነው።